ለአንዲት ድመት ቤት ስለ መፈለግ

በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ማኅበራችን በ1941 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ እንደዚህ ባለው የመታሰቢያ ቀን ለንግግር የሚነሣ ሰው ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ መምህሩ ክብርና ኑሮ፣ ወይም ስለ አገር እድገት መናገሩ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንዲት ድመት ልናገር ተነሥቻለሁ። ይህን ሰምቶ በልቡ ፈገግ ያለ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገሩ በእኔ ላይ ባይደርስ ኖሮ እኔም ፈገግ ከሚሉት ወገን በሆንኩ ነበር። ቢሆንም በማሠልጠኛው ትምህርት ቤት ስለ ምግባር ከማስተምራቸው ትምህርቶች ሁሉ ይልቅ ይህች ፍጥረት በሦስት ቀን ውስጥ ያስተማረችኝ ስለሚበልጥብኝ፣ ታሪኩን እንደ ሆነ እንዳቀርበው ፍቀዱልኝ።

ነገሩ የሆነው በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ነው። እነዚህን ሁለት ከተሞች የሚለያቸው አንድ ትንሽ ወንዝና አንድ አጭር ድልድይ ብቻ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ በኩል ያለው መሬት እስከ ገዳሪፍ ድረስ የተንጣለለ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ በዚህም በኩል ያለው ቆላ እንደዚያው ሰሊጥ ያበቅላል። ስፍራው በታሪክ የሚታወቀው ግን በእህሉ ሳይሆን በደሙ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚህ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የጣሊያን ጦር ስለ ገላባት ምሽግ ተዋግተውበታል። ከዚያም ወዲህ ድልድዩን የሚሻገሩት ከወታደር ይልቅ ስደተኞች ሆነዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያባረራቸው ወገኖቻችን ወደ ገዳሪፍ አገር ተሻግረው በኡም ራኩባ ተጠልለዋል፤ ይኸው ሰፈር በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹትን እንደ ገና ተቀብሏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ተራው ተገለበጠና ሱዳኖች ወደ እኛ መጡ። በዚያ ድልድይ ላይ እንግዳና ባለቤት የሚለዋወጡት እንደዚህ ነው።

በዚያ ዓመት በሰኔ ወር፣ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤቴ ተልኬ በመተማ ስደተኞች ለጊዜው በሚያርፉበት በአንድ ግቢ ውስጥ ልጆችን ፊደልና ቁጥር አስተምር ነበር። ስደተኞቹ በግቢው ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ከቆዩ በኋላ በመኪና ተጭነው ወደ ኩመር ሰፈር ይወሰዱ ነበር። ሰው ሲሸሽ የሚይዘው ዕቃ ብዙ ነገር ይናገራል። አንዱ የቤቱን ቁልፍ ይዟል፤ ሁለተኛው የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ በላስቲክ ጠቅልሎ በደረቱ አስሯል። ዕድሜው አሥር ዓመት የሚሆን አንድ የካርቱም ልጅ ደግሞ በዘንቢል ውስጥ ድመት ይዞ መጣ። ቤተ ሰቡ በገዳሪፍ በቆየበት ሳምንት ከሰሊጥ ገበያው አጠገብ ያገኛት ናት። ጠጕሯ እንደ ነጭ ሰሊጥ ሆኖ በጀርባዋ ላይ ትንሽ ብጫ ጣል ያደረገባት ስለ ሆነች፣ በዐረብኛ ሰሊጥ ከሚባለው ቃል አውጥቶ ሲምሲማ ብሎ ሰይሟታል። ልጁ በትምህርት ሰዓት ዘንቢሉን ከእግሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ድመቲቱም ትምህርቱ እስኪያልቅ ትተኛለች። ከተማሪዎቼ ሁሉ ጸጥተኛዋ እሷ ነበረች።

በአንድ ረቡዕ ቀን ግን ከውጭ የገባ ውሻ አንዲት ሕፃን ልጅ ነከሰ። በዚያ የነበረው የጤና ሠራተኛ የሚገባውን አደረገ፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለሩብ ሰዓት አጠበና ክትባት እንድትጀምር ልጅቱን በዚያው ቀን ወደ ጎንደር አስላካት። ልጅቱ ዳነች። በዚያው ቀን ማታ ግን እኔም አባል የሆንኩበት የግቢው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ከጥቂት ንግግር በኋላም፣ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ከግቢው ወጥቶ የሚወስደው ባለቤት ያልተገኘለት ውሻና ድመት ሁሉ በመርዝ እንዲወገድ ተወሰነ። ጉዳዩ በእጅ ብልጫ ሲታይ አንድም የተቃወመ አልነበረም። እኔም እጄን አነሣሁ።

ስለዚህ እጅ ማንሣት እውነቱን ልናገር ይገባኛል። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ስለ ሕፃናቱ ፈርቼ ነበር። ደግሞም መሽቶ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ ነገሩም ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር። ስለ ውሻ ሲነገር ስለ ውሻ አሰብኩ፤ «ድመት» የሚለው ቃል በመካከል ሲገባ በሐሳቤ የታየኝ ስም የለሽ የሜዳ ድመት እንጂ በዘንቢል ውስጥ የተኛችው ሲምሲማ አልነበረችም። ብዙው የዓለም ጭካኔ የሚሠራው ከጥላቻ የተነሣ ሳይሆን እንደዚህ ካለው የሐሳብ ስንፍና የተነሣ ይመስለኛል።

በማግሥቱ ሐሙስ ልጁ ከትምህርት በኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። የቤተ ሰቡ ስም በነገው መኪና ላይ ተጽፏል፤ በመኪናው ላይ እንስሳ አይጫንም። «ኡስታዝ፣ ሲምሲማን ማን ይወስዳታል?» አለኝ። እጄን ማንሣቴን አላወቀም። «እኔ እፈልግላታለሁ» አልኩት። እኔ ራሴ የምኖርበት ክፍል በዚያው ግቢ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙ የእኔንም በር ይጨምር ነበር።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ዘንቢሉን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት እንጀራ እየጋገሩ ከሚሸጡ አንዲት ደግ ሴት ዘንድ ነው። «እትዬ፣ ይህችን ድመት ያሳድጓት» ብላቸው፣ ዘንቢሉን ገለጥ አድርገው አዩና «ምነው መምህር፣ ያስፈለፈልኳቸውን ጫጩቶች ማን ይጠብቅልኛል? በሯ ላይ ሥጋ አስቀምጬ አልተኛም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ጫጩቶቹ የልጆቻቸው የደብተር መግዣ ናቸው።

ሁለተኛ ወደ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሄድኩ። እሱ ይወስዳት ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ እርጉዝ ስለ ነበረች «ድመት ለፅንስ አደገኛ ናት ይባላል» ብሎ ፈራ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ወጣሁ። በኋላ መርምሬ እንደ ተረዳሁት ፍርሃቱ መሠረት ያለው ቢሆንም ግማሽ እውነት ነበር። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ከወጣ በኋላ ለመጋባት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳና እጁን ቢታጠብ አደጋው እጅግ ያንሳል። ይኸው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይገባል፤ እኛ ግን ድመቲቱን ከቤት እያስወጣን ጥሬ ሥጋውን ወደ ቤት እናስገባለን።

ሦስተኛው የሻይ ቤት ባለቤት ነው። ገና ዘንቢሉን ሲያይ ሳቀና «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ወተቴን ጠጥታ ትጨርሰዋለች» ብሎ አሰናበተኝ። ከእሱ በኋላም ሌሎች ሁለት በሮች ነበሩ። ሲመሽ ዘንቢሉን ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ ጧት መኪናው መጣ። ልጁ ከእናቱ ጕልበት ሥር ተቀምጦ ዐይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፤ ሞተሩ ሲነሣ ጮክ ብሎ «ኡስታዝ፣ አገኘህላት?» አለኝ። እኔም «አዎን፣ አግኝቼላታለሁ» አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ፤ መኪናውም ሄደ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚያ በፊት ለተማሪ ዋሽቼ አላውቅም አልልም። ነገር ግን እንደዚያ ቀን የከበደኝ ውሸት የለም። መኪናው ከዐይኔ ከተሰወረ በኋላ በእጄ የቀረው ዘንቢሉና እስከ ማታ ድረስ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር። መምህር ለልጅ የሰጠውን ቃል ልጁ እውነት ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል፤ መልሶ የሚጠይቅበት ዕድል እንኳ የለውም። እንግዲህ የተናገርኩትን መሻር ስለማልችል፣ የቀረኝ መንገድ የተናገርኩትን እውነት ማድረግ ብቻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለድመቲቱ ሰው ስፈልግ ነበር እንጂ ድመት የሚያስፈልገው ሰው አልፈለግሁም። እያንዳንዱን ሰው የጠየቅሁት ለእኔ ብሎ እንዲያደርገው ነው። ስለዚህ ድመት በመጀመሪያ ወደ ሰው ቤት ለምን እንደ ገባች ራሴን ጠየቅሁ። በቆጵሮስ ደሴት ከ9500 ዓመት በፊት ገደማ የተቀበረ አንድ ሰው ከድመት ጋራ በአንድነት ተገኝቷል። የዘር ተመራማሪዎችም በ2007 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የመጣው በቅርብ ምሥራቅ ከነበረ የዱር ድመት ነው፤ የዚያም ወገን በሱዳንና በኢትዮጵያ ቆላዎች ዛሬም ይኖራል። ሰው እህል ሲያከማች አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። የድመት የመጀመሪያ ቤቷ እልፍኝ ሳይሆን ጎተራ ነበረ ማለት ነው። በዚያ አገር ደግሞ ጎተራ ሞልቷል!

ዘንቢሉን አንሥቼ ድልድዩን ተሻገርኩ። በገላባት ሰሊጥና ማሽላ በጆንያ የሚያከማቹ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ አማርኛን እንደ እኛው ይናገራሉ። ሰላምታ ከተሰጣጠን በኋላ «ሐጂ፣ ጆንያዎን አይጥ አይቆርጥብዎትም?» አልኳቸው። «ሰው አሳርሶ አሳጭዶ የሚያመጣልኝን አይጥ ሌሊት ያለ ደመወዝ ያራግፈዋል፤ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉና ዘንቢሉን ገለጡ። ድመቲቱም ቀና ብላ አየቻቸው።

ታድናለችን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን በመጀመሪያ «የማን ናት?» አሉኝ። ታሪኩን ነገርኳቸው፤ እጄን ማንሣቴንና ለልጁ መዋሸቴንም አልደበቅሁም። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ «ሰው ነክሳለችን?» አሉ። «አልነከሰችም» አልኩ። «ስሟስ?» አሉ። «ሲምሲማ» ስላቸው ያሉትን ጆንያዎች ዞር ብለው አዩና ሳቁ። ከዚያም ከነቢዩ ባልንጀሮች አንዱ ድመት ይወድ ስለ ነበረ የግልገል ድመት አባት ተብሎ እንደ ተጠራ፣ ድመት አስራ መብል በመከልከሏ የተፈረደባት ሴት እንደ ነበረችም ነገሩኝ። «እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ለልጁ የነገርከው አሁን ውሸት አይደለም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የቀደመው» አሉ። ይህ ፍርድ ከሚገባኝ በላይ የለዘበ መሆኑን ዐውቃለሁ።

ድመት ከሰው ይልቅ ቤትን የምትለምድ ስለ ሆነች፣ በአዲስ ስፍራ ወዲያው ብትለቀቅ ወደ ቀድሞው ቦታዋ ለመመለስ ትሞክራለች። ሲምሲማም ወደ ኋላ ብትመለስ ወደ መርዙ መመለሷ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ለሦስት ሳምንት ያህል በመጋዘኑ ውስጥ ዘግተው እንዲቀልቧት፣ በኋላም ከምግብ ሰዓቷ ቀደም ብለው በራብ ጊዜ እንዲለቋት ተስማማን። ለከብት ክትባት የሚመጣው የእንስሳት ሐኪምም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲሰጣት ቃል ገቡልኝ። ሁለቱንም ፈጽመዋል፤ ከወር በኋላ ተሻግሬ ብጠይቅ ሲምሲማ በጆንያዎቹ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ወደ ኩመር ለሚሄድ አንድ ባልደረባ ለልጁ የሚሰጥ ወረቀት ጻፍኩ፤ በወረቀቱም ቤት የተገኘው እሱ ከሄደ በኋላ መሆኑን አልሸሸግሁም። ልጁን በሰፈሩ አግኝቶ ሰጥቶታል። መልሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «አይጥ ይዛለችን?» የሚል ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ቅዳሜ ጧት ግን በግቢው ውስጥ አራት ውሾችና ሦስት ድመቶች ተጋድመው ተገኙ። ልጆቹ ከእኛ በፊት ነቅተው ስለ ነበረ አዩአቸው። ከሬሳው የበሉ ቁራዎችም በአጥሩ ሥር ወድቀው ነበር። በዚያ ቀን የፊደል ትምህርት አልተያዘም። ከጦርነት የመጡ ልጆች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ መጠለያ ነው ባልናቸው ስፍራ ያሳየናቸው ይህንን ነው። ሁለት ወር ሳይሞላም በባዶው ግቢ ዙሪያ ሌሎች ውሾች መጡ። የወጥ ቤቱ ትራፊ እስካለ ድረስ የሚበላው ይመጣልና።

እንግዲህ ፍርሃታችን ከንቱ ነበርን? አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚሆን ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ምልክቱ ከታየም በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከ100 ሰው 99ኙን የሚይዘው ከውሻ ነው፤ ድመትም ሊያስተላልፈው ይችላል። ስሕተታችን መፍራታችን ሳይሆን ለፍርሃታችን የማይሆን መድኃኒት መምረጣችን ነው። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ መንገዱ ታውቋል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይቆረጣል። ሰው የነከሰ ጤነኛ መሳይ ውሻ ወይም ድመት ደግሞ ታስሮ ለ10 ቀን ቢጠበቅ በሽታው ይኑርበት አይኑርበት ይለያል። በገዛ አገራችንም የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች ከውሾች በተላለፈ በዚህ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል፤ መከላከያውም የተገኘው ውሾቹንና ቀበሮዎቹን ከመከተብ እንጂ ከመርዝ አይደለም።

የሠለጠነ የሚባለው ዓለምም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለም። በለንደን ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት በ1860 እ.ኤ.አ. ለጠፉ ውሾች መጠለያ ከፈቱ፤ ያም ቤት ከ1883 ጀምሮ ድመቶችን ተቀበለ። በአሜሪካ እንደዚህ ያሉ መጠለያዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ግምት መሠረት ወሳጅ በማጣትም ሆነ በበሽታ በዓመት 530 ሺህ የሚሆኑ ድመቶች በእነዚሁ መጠለያዎች በመርፌ ይገደሉ ነበር። ቁጥሩ ከቀድሞው እጅግ የቀነሰ ነው፤ የቀነሰውም ድመቶችን በማምከንና ወሳጅ ቤት አጥብቆ በመፈለግ ነው። ድመት በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፤ ግልገሏም ስድስት ወር ሳይሞላት ልትፀንስ ትችላለች። ስለዚህ ሳያመክኑ መግደል ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ሊድን በማይችል ሥቃይ ውስጥ ያለችን እንስሳ ሐኪም ቢያሳርፋት ምሕረት ይባላል፤ ባለቤት በማጣቷ ብቻ የምትገደለው ግን በራሷ ሳይሆን በእኛ ጉድለት ትሞታለች።

«ሰው በሚሰደድበትና በሚራብበት አገር ስለ ድመት መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። መልሱ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። እኔም የድመቲቱ ነፍስ ከልጁ ነፍስ ጋራ ትመዘን አልልም። ነገር ግን ድመቲቱን ለማዳን ከማንም ስደተኛ አፍ እንጀራ አልተወሰደም። የወጣው የአንድ መምህር ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ደግሞም ያ ልጅ ቤቱን፣ ከተማውን፣ ትምህርት ቤቱን ካጣ በኋላ በራሱ ፈቃድ የሚጠብቃት አንዲት ነፍስ ቀርታው ነበር። በርኅራኄ ከሚጠበቁት ወገን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገችው እሷ ናት። ያችን ከእጁ ነጥቀን ብንመርዛት ኖሮ፣ በማግሥቱ ስለ ደግነት ብናስተምረው በየትኛው አፋችን ይሆን?

ዕጩ መምህራን ሆይ፤ ነገ በየገጠሩና በየጠረፉ ትመደባላችሁ፤ በየኮሚቴውም ትቀመጣላችሁ፤ የተማረ ሰው ነው ተብሎም አስተያየታችሁ ይጠየቃል። እንግዲህ እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት የተባለው ነገር በማን ላይ እንደሚወድቅ በስም ጠይቁ። ስታውቁ አስረዱ፤ ሳታውቁ መርምሩ። እኔ በዚያች ረቡዕ ማታ ስለ 10 ቀኑ ጥበቃና ስለ ክትባቱ ዐውቄ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሰባቱም እንስሳት ይተርፉ ነበር፤ እኔ ያዳንኩት ግን የተሸከምኳትን አንዷን ብቻ ነው። ለልጅ የሰጣችሁትን ቃል ደግሞ ልጁ ቢሄድም ፈጽሙት።

በዚያ ድልድይ ላይ የሚያልፈውን የሰው ጎርፍ እኔ ልገታው አልችልም፤ እናንተም አትችሉም። አንድ ዘንቢል ይዞ ቤት ለቤት መዞር ግን የሁላችንም ዐቅም ነው።